የዳይሬክተሩ ጥላ

ኩራሞቺ ቶሚዬ በጃፓን፣ በሴቶ ባሕር መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች። ለአለቃ ወገቧ ያጎነብሳል፤ አንደበቷ ግን እምቢ ይላል።

የሦስተኛ ክፍል ልጆቿ ስለ ፀሐይ የሚማሩበት ወር ሲደርስ መጽሐፉን አስከደነቻቸው። «እዚህ ያለው ፎቶዋ ነው፤ እሷ ያለችው ውጭ ነው» ብላ ወደ ግቢ አወጣቻቸው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር አቁመው የጥላውን ጫፍ ሊከታተሉ ነበር። ቀርከሃ ተከሉ፤ ነፋስ ጣለው። ሌላ ተከሉ፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች ነቅለው ፈረስ አደረጉት።

መላ ያመጣችው የዓሣ አጥማጁ ልጅ ሱዙኖ ናት። «ቲቸር፣ ሰኞ ሰኞ ዳይሬክተሩ አይነቃነቁም እኮ።»

እውነቷን ነው። ዳይሬክተሩ አቶ ሂሮናካ በሰልፍ ሰዓት ንግግር ሲጀምሩ እጃቸውን ከጎናቸው ለጥፈው እንደ ምሰሶ ይተከላሉ፤ ፀሐይ ከጀርባቸው፣ ጥላቸው ከልጆቹ እግር ሥር። ቶሚዬ ነውር መሆኑ አልጠፋትም። ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየት ይመጣል?

ሰኞ ሱዙኖ የጫማ ማሰሪያ የምታስር መስላ የጥላው ራስ ላይ ዛጎል አስቀመጠች። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ትጋት፣ ስለ ጥርስ መቦረሽ ተነገረ። ሲያበቃ ሌላ ዛጎል ጣል አደረገች። በመካከላቸው አንድ ጫማዋ ልክክ አለ። በሳምንቱ አንድ ተኩል ሆነ። በሦስተኛው ንግግሩ ስለ ትዕግሥት ነበርና ሁለት ጫማ ሞላ። ልጆቹ ይህን ሥለው «ፀሐይ በአንድ ንግግር የሄደችው መንገድ» ብለው ኮሪደሩ ላይ ለጠፉት።

አቶ ሂሮናካ ወረቀቱ ፊት ቆመው ቆዩና ቶሚዬን ቢሮ አስጠሯት። መቀለጃ አደረግሽኝ፣ ለትምህርት ቢሮ እጽፋለሁ አሉ። እሷም ዝቅ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ቀና ስትል ግን አላስቻላትም። «እኔ ልቆምላቸው አስቤ ነበር። ግን አጭር ነኝ፤ እንደ እርስዎም ረጅም አላወራም።»

ከዚያ በኋላ መባረሬ አይቀርም ብላ ጠረጴዛዋን ባዶ ማድረግ ጀመረች።

በቀጣዩ ሰኞ ዳይሬክተሩ ንግግራቸው መሃል ከጥላቸው ራስ ወጥታ የቀረችውን ዛጎል አዩ። ማን እንዳስቀመጣት ጠየቁ። ሱዙኖ ከሰልፉ ወጣች።

«ጥላዬ ለምን አጠረ?»

«እርስዎ ሲያወሩ ፀሐይ ከፍ አለች፣ ጋሼ።» ትንሽ አሰበችና አረመችው። «እውነቱን ለመናገር የምትዞረው መሬት ናት። ፀሐይማ ቆማ ትሰማዎታለች።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የሰውየው ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሊቆጡ ነው ሲባል እሳቸውም ሳቁ፤ የዛሬው ይበቃል ብለው አሰናበቱ። ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ።

ረቡዕ ዳይሬክተሩ ሜትር ይዘው ክፍል መጡ። በጫማ መለካት ሳይንስ አይደለም ብለው ቶሚዬን ገሠጿትና ግቢው መሃል ሄደው ቆሙ። ልጆቹ ከበቧቸው። ስለ ትክክለኛ አለካክ ማስረዳት ሲጀምሩ ሱዙኖ ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ አይናገሩ፤ ጭንቅላትዎ ይነቃነቃል።»

አፋቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ከጎናቸው ለጥፈው ተተከሉ።