አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሰው

ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ የሚጫወተው የፈረንጆች ጨዋታ መነሻው የጦርነት ጨዋታ ነው። አንዱ በካርታ ላይ ጦር ማንቀሳቀሻ ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹ ሕጉን ወስደው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሰጡት። ይህን ከዓመታት በኋላ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ሳነብ ምንም አልገረመኝም። እኛም ግቢ የሆነው ይኸው ነው።

የኛ ሕግ አውጪ ሻምበል ነበሩ። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ሐዋሳ መጥተው ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። የሚተዳደሩት የቤት ፕላን በመሳል ነበር። በተበላሸ ፕላን ጀርባ ላይ ወንዝና ድልድይ ይስላሉ፣ ቆርኪ ይደረድራሉ፣ የሉዶ ዳይስ ያመጣሉ። ቆርኪው ጦር ነው። ሕጉ በሰማያዊ ደብተር ተጽፏል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዩኒፎርማችንን ሳናወልቅ እንጫወት ነበር።

አንድ ቀን የኔ ቆርኪ ድልድዩ ጋ ተመታ። ሻምበል አንስተው የሞቱት የሚገቡበት ከረጢት ውስጥ ጣሉት።

«ስንት ሰው ነው እሱ?» አልኳቸው።

«መቶ።»

«አንድ ሰው ቢሆንስ?»

«ለአንድ ሰው ካርታ አይሳልም» አሉና ደብተሩን ዘጉ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቆርኪ አደልኩ። አንዷ ሐኪም ሆነች፣ አንዷ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ፣ እኔ መልእክተኛ። አሥር ደቂቃ አልቆየንም። «መታሁሽ!» «አልመታሽኝም!» ተባብለን ተኳርፈን ተለያየን። ለካ ያለ ሕግና ያለ ዳኛ አይሆንም።

ሻምበልን ዳኛ ይሁኑን አልኳቸው። እምቢ አሉ። በማግስቱም ሄድኩ፤ እምቢ። ሳምንቱን ሙሉ በራቸው ላይ ተገተርኩ። በመጨረሻ እርሳሳቸውን አስቀመጡና «እናትሽ እንዴት ነው የቻለችሽ?» ብለው ተነሡ።

ዳኝነታቸው ልዩ ነበር። «ጫማሽ ምን ዓይነት ነው? ውኃ ይዘሻል?» እያሉ ይጠይቁናል። ደስታዬን አልችለውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሐኪሟ ድልድዩ ላይ እግሯን ተመታች። ሻምበል ደብተሩን ገልጠው አነበቡ።

«መራመድ ያቃተው ይቀራል።»

እጃቸው ወደ ቆርኪዋ ሲሄድ ቀድሜ መዳፌን ጫንኩባት።

«አትነሣም። ተመልሼ እሸከማታለሁ።»

«እንዲህ የሚል ሕግ የለም።»

«ይጻፉት እንግዲያ።»

«አንቺም ትሞቻለሽ።»

«ልሙት። ጥያት አልሄድም።»

ደብተሩን ዘጉ። ያባርሩናል ብዬ ፈራሁ።

«ይህን ሕግ ቁጭ ብዬ አስቤ አይደለም ያወጣሁት» አሉ። «እውነተኛ ድልድይ ላይ፣ እኔው ራሴ ያዘዝኩት ነው። የቀረው ልጅ ‹ሻምበል፣ ሻምበል› እያለ ይጣራ ነበር።»

እጄን ግን አላነሣሁም። በሌላኛው እጄ የራሴን ቆርኪ ወደ ድልድዩ መለስኩና ዳይሱን ያዝኩ።

ሻምበል ከረጢቱን ፈቱና ከውስጡ አንድ ቆርኪ አወጡ። ከኔ ቆርኪ አጠገብ፣ ድልድዩ ላይ አስቀመጡት።

«ለአንድ ሰው ትከብዳለች» አሉ። «በዚህ በኩል እኔ እይዛለሁ።»