ማዳበሪያው ከአየር ነበር

ዳንግላ ሲያስሩኝ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበር፣ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የዳጉሳ ፍሬ ይታይ ነበር። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

“አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?” አሉኝ ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ አንዲት እናት። እሳቸውን ያሰሯቸው ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ ነው።

“ከአየር ማዳበሪያ ስሠራ፣ እማማ።”

አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዞረው በአገውኛ፣ “ጭንቅላቷን ሳይመቷት አልቀሩም” አሉ።

“አልመቱኝም” አልኩ፣ እኔም በአገውኛ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

እንጅባራ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በቀላሉ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ሽቦ የተጠመጠመበት ትራንስፎርመር በሚፈጥረው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ፕላዝማ በሚባለው ውስጥ ሲያልፍ ግን ተሰንጥቆ ከኦክስጅን ጋር ይያያዛል። ያንን ውሃ ውስጥ አሳልፌ ኖራ ስጨምርበት ለድንች የሚሆን ማዳበሪያ ይወጣል። ዩሪያ በጠፋበት ወቅት የጀመርኩት ሥራ ነው። ጎረቤት የሰማው ግን የሚንጣጣ ድምፅ፣ ያየው ቡናማ ጭስ ብቻ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው የማዳበሪያ ጠርሙሴን ይዞ ግቢው መሀል አስቆመኝ። ሴቶቹ ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ፈንጂ ነው።”

“ማዳበሪያ ነው።”

“እንግዲያው ጠጪው!”

“እርስዎ ዩሪያ ይጠጣሉ?”

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በሳል ሸፈነች። መርማሪው አልመታኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የትራንስፎርመሩን ሽቦ ሴት አልጠመጠመችውም። የሠራልሽን ሰው ንገሪኝና ነገ ቤትሽ ግቢ” አለ።

የጠመጠመልኝ እዚያው ዳንግላ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነው። ሚስቱ አራስ ነበረች።

“ራሴ ነኝ የጠመጠምኩት።”

“በየትኛው እጅሽ?”

ሁለቱንም ዘረጋሁለት። አይቶ እስኪበቃው አልሰበሰብኳቸውም።

በዚያ መልስ ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅሁ፤ መሣሪያዬ ግን አልተመለሰልኝም።

በቅርቡ በሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ በኩል ሳልፍ ጠራኝ። ልጁን ታቅፏል።

“እኔ ጠምጥሜ፣ ‘ራሴ ነኝ’ አልሽ አሉ” አለኝ። ከልቡ ቅር ብሎታል።

ላስረዳው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በሱቁ ተቀምጦ፣ ልጁን ታቅፎ ሲቀየመኝ ማየቴ ደስ አሰኘኝ።

“ሁለተኛውን መሣሪያ ስንሠራ ጥምጥሙ ያንተ መሆኑን ለሁሉም እናገራለሁ” አልኩት።

ልጁን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረና፣ “ሽቦ አለኝ” አለ።