ለጨርቁ የተለካ ሆድ

«ጋሼ ሜትር» የሚለውን ስም መጀመሪያ ማን እንዳወጣላቸው የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊ ናቸው። ቢጫው ሜትር ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንገታቸው ላይ ነው፤ ማታ ሲዘጉም አንገታቸው ላይ ነው። አንድ ቀን እንደተንጠለጠለ ቤት ገብተው፣ እራት በልተው፣ ከነሜትራቸው ጋደም ሲሉ ባለቤታቸው «ወይ እሱ ወይ እኔ!» ብለው ከላያቸው ገፈው ወረወሩት።

ሱቃቸው ያለው አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነው። በቀኝ ፀጉር ቤት፣ በግራ ፋርማሲ ያዋስናቸዋል። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት አላቸው፤ ሌላ የላቸውም። ሙያውን ያስተማሯቸው አጎታቸው ሲሞቱ ያወረሷቸው አንድ መቀስና አንድ ቃል ነው፤ «ሰው ይዋሻል፣ ሜትር አይዋሽም።» ጋሼ ሜትር በዚህ ቃል ይምላሉ። ደንበኛ «እኔ እኮ ከስቻለሁ» ሲላቸው አይከራከሩትም፤ ሜትሩን ወገቡ ላይ ያዞሩና ቁጥሩን ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮክ ብለው ያነቡታል። በዚህ የተቀየሟቸው ሰዎች ዛሬም በበራቸው ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ፋርማሲው ያዞራሉ።

ስንቱን ሙሽራ ሱፍ አልብሰዋል። እሳቸው ግን ያገቡት በተውሶ ኮት ነው። እጅጌው ረዝሞ መዳፋቸውን ስለዋጠው በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ጣት የሌለው ሙሽራ መስለዋል። ፎቶው ሳሎን ስለተሰቀለ አዲስ እንግዳ ሁሉ በሐዘኔታ ወደ እጃቸው ያያል። ይህ ነገር ዕድሜ ልክ ሲከነክናቸው ኖሯል።

ስለዚህ የአንዲት ሴት ልጃቸው ሠርግ ቀኑ ሲቆረጥ ከሣጥን ሥር ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አወጡ። ወጣት ሳሉ «አንድ ቀን ለራሴ» ብለው የገዙት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ መስታወቱ ፊት ቆመው ራሳቸውን ለኩ። ጨርቁ እንዳለ ነበር። የተለወጡት እሳቸው ናቸው።

«አይበቃህም፤ ሌላ ግዛ» አሉ ባለቤታቸው።

«ይኸው ነው የምለብሰው።»

«ታዲያ እንደ ላስቲክ ልትስበው ነው?»

«ጨርቅ ካልበቃ ሆድ ይቀነሳላ!»

ለሌላ ሰው ሲቆርጡ በስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ሳይተዉ መቀስ አንስተው አያውቁም፤ «ሰው ይወፍራል» ይላሉ። የራሳቸውን ሱሪ ግን ባላቸው ወገብ ሳይሆን ሊኖራቸው ባሰቡት ወገብ ቆረጡት። የሚተርፍ ክር እንኳ አልነበረም። ጎረቤታቸው ፀጉር ቆራጩ፣ የልጅነት ባልንጀራቸው፣ ሊያወራ ሲገባ ሱሪው መኪናው ላይ ነበር።

«ይሄ የማን ነው? የሙሽራው?»

«የኔ ነው።»

ፀጉር ቆራጩ ሱሪውን አየ፤ የባልንጀራውን ሆድ አየ፤ ተመልሶ ሱሪውን አየ። «የትኛው እግርህ ነው የሚገባበት?» አለ።

የሆድ መቀነሻው መላ የመጣው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሾፌሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። ይህ ለጋሼ ሜትር ከሐኪም ወረቀት የበለጠ ማስረጃ ነበር። ወገቡን እያጠፉ በስፒል ሲይዙት ሾፌሩ ሚስጥሩን ነገራቸው። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና ስኳር ትቷል። እንቁላል፣ ሥጋና አይብ ይበላል። «በቃ!» አለ። ሌላስ ምን ትበላለህ፣ ምን ትጠጣለህ ብለው ሊጠይቁት አሰቡ፤ ግን አፋቸው ስፒል ሞልቶት ነበር። ስፒሉን ተፍተው ሲጨርሱ ውጭ ጡሩንባ ተነፋ፤ ሾፌሩ መንገድ ዘግቶ ነበርና እየሮጠ ወጣ።

ጋሼ ሜትር በማግስቱ ጀመሩ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ሥጋ፣ ማታ አይብ። ባለቤታቸው ዳቦ ሲቆርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። መጀመሪያ ላይ ወገባቸው ቶሎ ቶሎ ወረደ። ቁጥሩን ጮክ ብለው ሲያነቡ ፀጉር ቆራጩ ከግድግዳው ማዶ «ይበል!» ይላቸው ነበር።

ከዚያ ሆዳቸው ሥራ አቆመ።

የኮሪደሩ ሰው ሁሉ የሚጠቀመው አንድ ሽንት ቤት ነው። ቁልፉ ከአሮጌ የፀጉር ብሩሽ ጋር ታስሮ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የፈለገ ሰው ወረፋ በሚጠብቁ ደንበኞች መካከል አልፎ፣ ብሩሹን አንስቶ፣ እንደገና በመካከላቸው አልፎ መውጣት አለበት። ጋሼ ሜትር ብሩሹን አንስተው ሲሄዱ ፀጉር ቆራጩ የአንድ ሰው ፀጉር ቆርጦ፣ ጢም ላጭቶ፣ ሽቶ ረጭቶ ይጨርሳል፤ እሳቸው አልተመለሱም።

«ምነው ጃል፣ ደህና ነህ?» አለ አንድ ቀን በሩን እያንኳኳ።

«ሰው አለ!»

«ሰው እንዳለማ አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ ያለው ሰው ነው ወይ ብዬ ነው።»

«አትጨቅጭቀኝ፤ ስትጨቀጭቀኝ ይመለሳል!»

«ለመመለስማ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት» አለ ፀጉር ቆራጩ። ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁንስ ቻሉት። ያልቻሉት ሜትሩን ነው። ወገባቸው እንደገና መጨመር ጀመረ። መስታወቱ ፊት ቆመው ለኩ፤ ጨምሯል። ተንፍሰው ለኩ፤ ያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ስለደረቀ ተነፋ ብሎ ይጠረጥር ነበር። ጋሼ ሜትር ግን በሜትር ያመኑ ሰው ናቸው። ወገብ ከጨመረ ምግብ በዝቷል ማለት ነው ብለው ደመደሙ። ባለቤታቸው ከሥጋው ጎን የሚያደርጉላቸውን ጎመንና ሰላጣ ከሰሃኑ አስወጡ። እሱም አልበቃ ሲል ውሃ ቀነሱ።

«ውሃ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«የረጠበ ጨርቅ ከደረቅ ጨርቅ ይከብዳል። አታውቂም እንዴ?»

«እኔስ የማውቀው የደረቀ ጭንቅላት እንደሚከብድ ነው» አሉ ባለቤታቸው።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀረው። ሱሪው ግን አልተዘጋም፤ ሁለቱ ጠርዞች እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ተራርቀው ቀሩ። ሌላ ልብስ ለመስፋት ጊዜ የለም። ከጨርቁም የተረፈ ብጫቂ የለም። የልጃቸውን እጅ ይዘው አዳራሽ የሚገቡት ሥራ ላይ በሚለብሱት፣ ጉልበቱ በሳሳ ሱሪ ሊሆን ነው። ይህን ሲያስቡ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ፋርማሲው ገቡ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ እንደ አባት ታከብራቸዋለች።

«የሆድ ድርቀት የያዘው አንድ ደንበኛ አለኝ» አሏት።

«ደንበኛዎ ዕድሜው ስንት ነው ጋሼ?»

«በእኔ ዕድሜ።»

«ዳቦ ትቷል?»

«ትቷል።»

«አትክልትስ? ውሃስ?»

«እነሱንም ትቷል።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እንግዲህ ለደንበኛዎ ይንገሩልኝ። ዳቦ መተዉ አይደለም ጥፋቱ። ሆድ የሚገፋው ነገር ይፈልጋል፤ እሱን ሁሉ አብሮ ጣለው። ጎመኑን ይመልስ፣ ሰላጣ ይብላ፣ ተልባ በውሃ ዘፍዝፎ ይጠጣ፤ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ከወንበሩም ተነስቶ ይራመድ። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ደም ካየ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።»

«ወገቡ ግን እየጨመረ ነው። ሜትሩ ጨመረ ይላል።»

«ሜትሩ የውጭውን እንጂ የውስጡን በምን ያውቃል ጋሼ?»

ይህ ንግግር ከበሽታው በላይ አመማቸው። ቢሆንም ተልባውን ጠጡ፤ ጎመኑን በሉ፤ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ተመላለሱ። ሆዳቸው ለዘብ ያለ መሰለ፤ ሰአሊ ለነ የሚያሰኘው ቁርጠት ቀነሰ። ዋናው ጉዳይ ግን እንደዘገየ የሠርጉ ቀን ነጋ።

ጠዋት ባለቤታቸው ከኋላ ያዙ፤ እሳቸው ትንፋሻቸውን ሳቡ፤ ሱሪው በመከራ ተዘጋ። መስታወት ፊት ሲቆሙ እውነትም ያማረ ልብስ ነበር። ትከሻው ልክ፣ እጅጌው ልክ፤ ጣቶቻቸው በሙሉ ይታያሉ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሊሉ ጎንበስ ሲሉ ከኋላቸው ቀጭን ድምፅ ሰሙ። ልብስ ሰፊ ያን ድምፅ ያውቀዋል። አንድ ክር ሊበጠስ ሲል የሚያሰማው ነው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በቃ፣ ዛሬ አልቀመጥም።»

«መኪና ውስጥስ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ልጃቸው ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ መኪናው ውስጥ ስትጠብቅ አባቷ በመስኮቱ ጎንበስ ሳይሉ፣ እንደ ቆሙ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አሏት። ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። መኪናው ለፎቶ ሲዞር እሳቸው አዳራሹ በር ላይ ቀድመው ደርሰው ክንዷን ያዟት፤ በኩራት አስገቧት። ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ግን እሷ ተቀመጠች፤ እሳቸው አልተቀመጡም። ከጎኗ የአባት ወንበር ባዶውን ቀረ። ጋሼ ሜትር እንግዳ ይቀበላሉ፤ ሰሃን ያቀብላሉ፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ።

«አቤት ትሕትና!» አሉ አንዲት አሮጊት። «የልጃቸው ሠርግ ላይ ቆመው የሚያስተናግዱ አባት! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ሙሽራዋ ግን ባዶውን ወንበር ነበር የምታየው። እናቷን ጠጋ ብላ «አባዬ ባሌን አልወደደውም እንዴ? ለምንድነው አጠገቤ የማይቀመጠው?» አለች። እናቷ ባላቸውን በዓይን ጠሯቸው። «ልጅህ ልታለቅስ ነው፤ ተቀመጥ።»

«ከተቀመጥኩ ይተረተራል።»

«ይተርተር!»

ይህን ሲባባሉ የአባት ንግግር ተባለ። ጋሼ ሜትር መሐል ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ» አሉ፤ «ዛሬ የማይሽን አባት...» እዚህ ላይ ቆሙ። ያ ሁሉ ተልባ፣ ያ ሁሉ ጎመን፣ ቀኑን ሙሉ የሄዱት መንገድ፣ ሁሉም ተባብሮ በአንድ ጊዜ ሆዳቸው ውስጥ ተነሣ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ልጄ... ተዋደዱ!» ብለው በአጭር በአጭሩ እየተራመዱ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ በጎን በር ወጡ።

ሴቶቹ መሐረብ አወጡ። «ሆዱ አልቻለለትም» አለ የሙሽራው አባት ራሱን እየነቀነቀ።

ፀጉር ቆራጩ ብቻ ወደ ጋሼ ሜትር ባለቤት ጠጋ ብሎ «መጣለት!» አለ።

«ዝም በል አንተ!»

ጋሼ ሜትር ቆይተው፣ በጣም ቆይተው ተመለሱ። ፊታቸው ካውያ ያለፈበት ሸሚዝ መስሎ ነበር። ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ የኮታቸውን ጫፍ ሰብስበው ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጣሉ፤ ምንም ድምፅ የለም።

የሙሽራው አባት ትከሻቸውን ቸብ አደረገ። «አይዞህ ወንድሜ። እኔም ሴት ልጄን ስድር እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሲወጣ ይሻላል፤ ይቀልሃል።»

«እውነትህን ነው» አሉ ጋሼ ሜትር። «ብዙ ጊዜ ይዤው ነበር።»

ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። «አባዬ፣ ሠርጌን አልወደድከውም ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር።»

ጋሼ ሜትር ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሁሉንም፣ ከሾፌሩ ጀምሮ እስከ ጎን በሩ ድረስ፣ በጆሮዋ ነገሯት። ሙሽራዋ መጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች። ከዚያ ፊቷን በአባቷ አዲስ ኮት ትከሻ ላይ ደፍታ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ የዓይኗ ኩል በጉንጮቿ ላይ ወረደ።

«እይ እንግዲህ» አሉ አሮጊቷ መሐረባቸውን እንደገና እያወጡ፤ «አሁን ደግሞ ልጅቷ አልቻለችም።»