አዲሱን ወለል የጠበቅኩበት ቀን

"ቤትዎ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?" አለኝ ሻጩ። ደሜ ፈላ። ፒያሳ ድረስ የወጣሁት የሴራሚክ ማጣበቂያና መሙያ ልገዛ እንጂ ልቆጠር አይደለም።

"ምን አገባህ?" አልኩት።

"እማማ፣ ለሥራው እኮ ነው" አለ እየሳቀ። "ሰው የሚመላለስበት ቤት ከሆነ ጠንከር ያለውን ማጣበቂያ እሰጥዎታለሁ። በሴራሚኮቹ መሃል የሚሞላውንም ግራጫውን ይውሰዱ። ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ረጋጭ ለሌለው ቤት ነው የሚሆነው።"

እማማ መባሌ ራሱ አናዶኛል። ረጋጭ የሌለው ቤት ሲል ደግሞ ስለ እኔ የሆነ ሰው የነገረው መሰለኝ። ብቻዬን መሆኔን የሱቅ ልጅ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም።

"የእኔ ቤት ሰው አይጠፋበትም" አልኩና ጠንካራውን ማጣበቂያና ግራጫውን መሙያ አስጫንኩ።

ድሮ ቢሆን እውነቴን ነበር። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ቤቴ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በሩ አይዘጋም ነበር። ጓዳ ሆኜ የሳሎኑ ጣውላ ሲጮህ ማን እንደገባ አውቃለሁ። የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ስትገባ አይሰማም፤ ባሏ ግን ቤቱን ያናውጠው ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ዐረፈ። ቀጥሎ ሰፈሩ ፈረሰና ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ የእኛ መደዳ ብቻ ተረፈ። "እንመጣለን፣ ምን ሊለየን" ብለውኝ ነበር። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም ይከፋኛል። ጣውላውም በሰበሰ። አስነሣሁትና ሲሚንቶ ተለሰነ፤ ሴራሚኩ የመጣው በእሱ ቦታ ነው።

ያነጠፈልኝ ባለሙያ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። የገዛሁትን ዕቃ አይቶ ቤተሰቤ ብዙ መስሎታል። መሃል መሃሉን ሞልቶ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጎ ሲያበቃ፣ "እስከ ነገ ማንም እንዳይረግጠው። አደራ፣ ሰዎቹን ይከልክሉልኝ" አለኝ።

"እከለክላለሁ" አልኩት።

እኔ ወደ ጓዳዬ የምገባው በጓሮ በር ነው። ወንበሬን አምጥቼ የሳሎኑ ደጃፍ ላይ ገተርኩና ተቀመጥኩ። ለሚመጣ ሰው የምለውን ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ፤ "ዛሬ አይገባም፣ ነገ ኑ፣ ለናንተው ብዬ ነው ያሠራሁት" ልል። ከሥላሴ የሚመለሱ ሴቶች በደጄ ሲያልፉ አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። ልከለክላት ብድግ አልኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና መንገዷን ቀጠለች። ጥላው በረንዳውን እስኪሸፍነው ድረስ ጠበቅኩ፤ የምከለክለው ሰው አጣሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያው መጣ። ተንበርክኮ ጣቱን በመገጣጠሚያው ላይ አስኬደ።

"አንድም የእግር ምልክት የለውም!" አለ። "ሰው በሚበዛበት ቤት እንዲህ ሆኖ አግኝቼ አላውቅም። እንዴት አድርገው ከለከሏቸው?"

"ቁጡ ነኝ። ይፈሩኛል።"

ሳቀ። "በሉ እንግዲህ አሁን ይጥሯቸው፣ ይግቡ።"

የምጠራው ስም ፈልጌ አጣሁ።

"አንተ ቅደም" አልኩት። "ሻይ ጥጃለሁ።"

ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ፤ በረንዳ ላይ ያደሩትን የሳሎን ወንበሮች አብረን አስገባንና ተቀመጠ። ሻዩን ፉት እያለ በሩን አየ፤ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ማንም አልመጣም። የት ናቸው ብሎ አልጠየቀኝም። ባዶውን ብርጭቆ አቀበለኝና፣ "ካላስቸገርኩዎት አንድ ይድገሙኝ" አለ።