የውሸት ፍቺያችን

ይህ የሆነብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። በሳቅ የጀመርኩት ነገር ሁሉ በሳቅ የሚያልቅ ይመስለኝ ስለነበር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኔና ባለቤቴ ጽጌ ሰበታ ውስጥ በኪራይ ቤት ነበር የምንኖረው። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር አሥራ አንድ ቤት ቀይረናል። የአልጋችን ብሎኖች ከመፈታታት ብዛት ዕቃ ጫኝ ሲያዩ በራሳቸው መውለቅ ለምደው ነበር። የመጨረሻው አከራያችን ደግሞ ጥላችን ግድግዳው ላይ ባረፈ ቁጥር ሊያስከፍለን ትንሽ ነው የቀረው።

በዚያ ሰሞን እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ የተተረጎመ የቻይና ተከታታይ ፊልም እናይ ነበር። ትልቅ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለተኛ ቤት እንዳይገዙ ሕጉ ከልክሏቸዋል። ስለዚህ በወረቀት ብቻ ተፋተው፣ ቤት በየስማቸው ገዝተው፣ በኋላ እንደገና ሊጋቡ ይስማማሉ። ቴሌቪዥናችን አርጅቶ ሰውን ሁሉ አረንጓዴ ስለሚያደርግ ባልየው ከሰው ይልቅ ጎመን ይመስላል። ሐሳቡ ግን በጣም ተመቸኝ።

«ጽጌ፣ ቻይና ያልሠራችው ዕቃ የለም፤ ይኸው ፍቺም ሠራችልን!» አልኳት።

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቡራዩ ላይ ቤት ለመሥራት በማኅበር ተደራጅተን መሬት እየጠበቅን ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ ቁርጡን ነግረውናል፦ «ባልና ሚስት አንድ ሰው ነው፤ የሚደርሳችሁም አንድ ቦታ ነው።» ብንፋታ ግን ሁለት ሰው ነን። በአንዱ እንኖራለን፤ ሌላውን አከራይተን እኛም በተራችን ሰው እናስጨንቃለን።

ጽጌ እምቢ አለች። «እስቲ ፊልሙ እንኳ ይለቅ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። እኔ ግን አፌን ከከፈትኩ የሞተ ሰው አሳምኜ አስነሳለሁ፤ እሷንም አሳመንኳት።

ፍርድ ቤት ቀረብን። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ምክንያት መናገር ግዴታችን እንዳልሆነ ነግረውን፣ «ግን አሥራ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ምን አጣላችሁ?» አሉ።

እኔ ቀደምኩ። «ክብርት ዳኛ፣ ስታንኮራፋ የጎረቤት ውሻ ይመልስላታል» አልኩ። ጸሐፊዋ ፊቷን በፋይል ሸፈነች።

ዳኛዋ ወደ ጽጌ ዞሩ። ጽጌ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው አይጠጣም፣ እጁን አንስቶብኝም አያውቅም። ግን አንድ ቀን የምሩን አናግሮኝ አያውቅም። ከስንት ዓመት በኋላ አርግዤ፣ ልጁ በአምስት ወሩ ወረደብኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ነርሷ ልታጽናናው ስትመጣ ‹ምን ይደረግ፣ የቤት ኪራዩን ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ› አላት። ነርሷ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።»

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? በዓይኔ ጠቀስኳት። «ጎበዝ፣ አሳመንሻቸው» ማለቴ ነው።

ዳኛዋ አስቡበት ብለው ቀጠሮ ሰጡን። እንደ ወትሯችን አብረን ሰነበትን። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ «ያን ዕለት ያልኩትን ሰምተኸዋል?» አለችኝ።

«እንዴታ! ከቻይናዋ አንቺ ትሻያለሽ፤ ፊልሙ ላይ አንቺን ነበር መቅጠር» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሸሚዜን አጣጥፋ ጨረሰች።

በቀጠሯችን ቀን ዳኛዋ «አስባችሁበታል?» ሲሉን ጽጌ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ። አሁን ሳስበው፣ «እምቢ በል» እያለችኝ ነበር። እኔ መሬቱ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ «በደንብ አስበንበታል!» አልኩ።

«እኔም አስቤበታለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ወረቀቱን ይዘን ስንወጣ ምሳ ልጋብዛት ባጃጅ አስቆምኩ። ዞር ስል መንገዱን ተሻግራ በወዲያ በኩል ቆማለች።

«ጽጌ፣ ቤታችን እኮ በዚህ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ ሱሉልታ እህቴ ጋ ነው የምሄደው።»

«እስከ መቼ?»

«ወረቀቱ ላይ አንብበው» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ትወናው ጠንቶባት ነው እያልኩ ሰው አሳቅኩ። በአራተኛው ሳምንት ቤቱ ዋጠኝ፤ ተነሥቼ ሱሉልታ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የምነግራትን ስለማመድ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የምጸልይ መስሏቸው «አሜን» አሉኝ።

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ጋቢ ደርባለች፤ ከስታለች። የተለማመድኩት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሱሉልታ እንዲህ ከበረደማ መሬቱን ትተን በረዶ ብንሸጥስ?» አልኩ።

በከንፈሯ ብቻ ፈገግ አለች። ከዚያ፣ «ይግቡ፣ ሻይ ይጠጡ» አለችኝ።

የትኛው ሽማግሌ መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። አንቱ ያለችው እኔን ነው።

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመልሰው ቀልድ አጣሁ። ሻዩን ጠጣሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ጽጌ ስሟን ከማኅበሩ አሰርዛለች። የእኔ ቦታ ከገፈርሳ ወዲህ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ደርሶኛል። ኦቦ ገመቹ ባገኙኝ ቁጥር «ቤቱን አትጀምርም ወይ?» ይሉኛል። ለማን ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም።

ያን ቀን ልነግራት ሄጄ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ምናልባት ታነበው ይሆናል። ጽጌ፣ ሆስፒታል የቀለድኩት ፊትሽ እንዳላለቅስ ነው። ለልጁ ስም አውጥቼለት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።