የነፋሱ መብራትና የእኔ አንሶላዎች

በደርግ ዘመን ከአዋሳ ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለ የእርሻ ግቢ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። የናፍጣ ጄኔሬተሩ ጥላሸት ያሰጣሁትን አንሶላ ሁሉ ያበላሽብኝ ነበር። አንድ ቀን በነፋስ የሚዞር የመብራት ማመንጫ ተከሉና «ከእንግዲህ ጭስ የለም» አሉን። እልል አልኩ።

ነፋሱ እየነፈሰ ጄኔሬተሩ ግን አሁንም ይጮኻል። ሞተሩን የሚይዙትን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ነፋሱ እየሠራ ይሄን ለምን አያጠፉትም?»

«ነፋሱ ድንገት ቢቆምስ? የቀዘቀዘ ሞተር ቶሎ አይነሳም፣ ልጄ። የሚበላው ናፍጣ እኮ ቀንሷል።»

«ጭሱስ?»

«እሱም ቀንሷል መሰለኝ።»

ግራ ገባኝ። ዞር ስል ጭሱን ያስቀርልሻል የተባልኩት ነፋስ፣ የተረፈውን ጭስ እየነዳ አንሶላዬ ላይ ያራግፈዋል። አንሶላውን አውርጄ እንደገና ዘፈዘፍኩት። መርገሙንስ እረግም ነበር፤ ግን የቱን ልርገም?