የጊንጪው ፒክአፕ

አምቦ የማስተምር ሰው ነኝ። ከሥራ በኋላ እየፈታሁ የምገጥማት፣ ቀስ በቀስ ነፍስ የምዘራባት አንዲት አሮጌ መኪና ሁሌም ታምረኛለች። ጊንጪ የሚሸጥ ፒክአፕ አለ ሲሉኝ ለቤታችን ጣሪያ ያጠራቀምነውን ብር ይዤ ሄድኩ።

የመኪናዋ ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ላይ ቆማ ገና ሳያት ልቤ ተሰረቀ። እሳቸው ግን የሻጭ ወግ የለባቸውም።

«ሞተሯ ዘይት ይጠጣል» አሉኝ።

«ይታደሳል» አልኩ።

«ወለሏን ዝገት በልቶታል።»

«ይበየዳል።»

«መለዋወጫ አይገኝላትም።»

«ተፈልጎ ይገኛል።»

ሻጩ አጣጣይ፣ ገዢው አሞጋሽ ሆነን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ተናደድኩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይሸጣሉ አይሸጡም?»

ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሦስት ፒክአፖች ሣር ውጧቸው ቆመዋል። የአንደኛዋ ጋቢና ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«ይቺን እንዳንተው ላድሳት ብዬ ገዛሁ» አሉ። «ያቺን ለሞተሯ ብዬ፣ ያቺኛዋን ለበሮቿ። ደጅ ያለችው ደግሞ እነዚህን ትጨርስልኛለች ብዬ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ «ገላቶማ፣ ኦቦ» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። በብሩ ጣሪያችንን ሠራን፤ ዛሬም ዝናብ በመጣ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

ያን ዕለት ግን ከግቢው ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ሚስታቸው እየሮጡ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ እባክህ» አሉኝ እያለከለኩ፣ «በነጻም ቢሆን አንዷን ውሰድልኝ!»